አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ፦ በአይጥ የተጎዳ አሮጌ መኪና እንዴት ይጠገናል?

ለቀናት ሳትነዳ የቆመች አሮጌ ኮሮላ አንድ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ወይም ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ይላል። ባለቤቱ ባትሪውን ይጠረጥራል፣ መካኒኩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ። ኮፈኑ ተከፍቶ በደንብ ሲታይ ከባትሪው ሥር የተቦጫጨቀ ስፖንጅ፣ የኦቾሎኒ ልጣጭና የአይጥ ዓይነ ምድር ይገኛል። ቀጥሎ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የተላጠው ሽቦ በናስትሮ ይጠቀለላል፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ችግሩ ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል፤ አሁን ግን አይጧን የሚያስታውስ የለም።

አሮጌ መኪና ሲበላሽ በሌላ መተካት ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ በየግቢው ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ዕድሜ በጥገና ላይ ተንጠልጥሏል። የአይጥ ጉዳት ደግሞ ከሁሉም በላይ ከሚናቁት ጥገናዎች አንዱ ነው። የሚናቀው የሚታየውን ቁስል መሸፈን ቀላል ስለሆነ ነው፤ እውነተኛው ሥራ ግን ያልታየውን ፈልጎ ማግኘት ነው።

አይጥ ሽቦ ለምን ትቆረጥማለች?

ለምግብ አይደለም። የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ጠንከር ያለ ነገር እየፋቀች ማሳጠር አለባት። የሽቦ ፕላስቲክ ለዚህ ይመቻል፤ እንደ ብረት አይከብድም፣ እንደ ጨርቅም አይለሰልስም። በዚያ ላይ ከጉዞ የተመለሰ ሞተር ለሰዓታት ሙቀት ይይዛል፣ ከዝናብና ከድመት ይከልላል። በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈው ምንጣፍም ለጎጆ መሥሪያ ይሆናል። ትንሿ የቤት አይጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር ያህል በሆነ ክፍተት ታልፋለች፤ የብዙ አሮጌ መኪኖች የሞተር ክፍል ደግሞ ከታች መከለያው ወልቆ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

«የአሁን መኪና ሽቦ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው» የሚል ወሬ በስፋት ይሰማል። ምንጩ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ያሉ ባለመኪናዎች ቶዮታንና ሆንዳን በዚሁ ምክንያት ከሰዋል። ቶዮታ በበኩሉ ጉዳቱ በሁሉም አምራቾች መኪና ላይ እንደሚደርስ፣ አይጥ በአኩሪ አተር እንደምትሳብ የሚያሳይ ሳይንሳዊ ማስረጃም እንደማያውቅ ገልጿል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው የሚጠቅመው ነገር አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተራ ፕላስቲክ የተሸፈነው የዲኤክስ ኮሮላ ሽቦም ይበላል። እንዲያውም የአሮጌው ፕላስቲክ በሞተር ሙቀት ብዛት ስለሚደርቅ፣ አይጧ ከነከሰችው ቦታ ውጭ ያለው ክፍልም ሲነካካ ይሰነጠቃል።

አይጥ መግባቷን ካወቅሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁልፍ አያዙሩ። «እስቲ ትነሳ እንደሆነ ልሞክር» የሚለው ሐሳብ ብዙ ነገር አበላሽቷል። በመኪና ውስጥ አብዛኛው ሽቦ በፊውዝ ይጠበቃል፤ ፊውዝ ማለት ከተወሰነ መጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ግን እንደ ደንቡ ፊውዝ የለውም። እሱ ተልጦ ቦዲውን ከነካ ባትሪው ያለ የሌለ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ በአቅራቢያው ተነክሶ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መዘዙን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፤ ከፖዘቲቩ በፊት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኔጋቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ በስህተት ቦዲ ከነካበት ብልጭታ ይፈጥራል። ኔጋቲቩ ከወጣ በኋላ ግን ይህ አደጋ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጤና ነው፤ በየጋራዡ ሲታለፍ የምናየውም እሱን ነው። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ጨምሮ ወደ ሰው የሚተላለፉ ተሕዋስያን ይይዛል። የተለመደው አሠራር ጎጆውን በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ ማስወገድ ነው። ይህ የደረቀውን ሽንትና ዓይነ ምድር አቧራ አድርጎ ወደ ሠራተኛው ሳንባ መላክ ማለት ነው። በደረቁ መጥረግም ያው ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ማራስ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያም በወረቀት ወይም በጨርቅ አንስቶ በላስቲክ ከረጢት ማሰር ይሻላል። በረኪና መዳብና አሉሚኒየም ስለሚበላ የሽቦ መጋጠሚያዎች ላይ አይረጭም፤ ብረቱን የነካውም በውኃ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል። ሽቦዎቹ ተልጠው ባሉበት ሞተሩን በግፊት ውኃ ማሳጠብም አይገባም።

ጎጆው ከመነሳቱ በፊት በስልክ ፎቶ ቢነሳ ጥሩ ነው። አይጥ ከጎጆዋ ወደ መውጫዋ የምትመላለስበት መንገድ የቆሻሻና የሽንት ምልክት አለው፤ የተበሉት ነገሮችም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መንገድ ዳርና ዳር ይገኛሉ።

ከሽቦ ሌላ ምን ይበላል?

ካርቡሬተር ባላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ሽቦው ጥቂት ነው። የሚያሰጉት የካንዴላ ገመዶችና የጎማ ቱቦዎች ናቸው። የካንዴላ ገመድ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ሊሸከም ይችላል፤ ትንሽ ንክሻ ካለበት ብልጭታው ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በአቅራቢያው ወዳለ ብረት ይዘላል። ማታ በጨለማ ሞተሩ ሲሠራ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ነው፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ገመዱ ተበልቷል። በምንም መልኩ አይቀጠልም፣ አይጠቀለልም፤ ይቀየራል።

አየር የሚያልፍባቸው የጎማ ቱቦዎች ሲበሱ ሞተሩ ያልተቆጠረ አየር ይስባል፤ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲቆም ይዋዥቃል ወይም ይጠፋል። ከእነዚህ መካከል ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ጎማ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። እሱ ከተበሳ የፍሬን ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃል፤ መኪናዋ ትቆማለች፣ ግን እግር ብዙ ጉልበት ማውጣት አለበት። የቤንዚን ጎማም እንዲሁ በማሰር አይጠገንም። ሲቀየርም የሚገባው ጎማ ዓይነት ወሳኝ ነው፤ በካርቡሬተር መኪና ላይ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ሲሆን፣ ነዳጅ በኖዝል በሚረጩ መኪኖች ላይ ግን ከአየር ግፊት ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ለመጀመሪያው የተሠራውን ጎማ ለሁለተኛው መግጠም እሳትን መጋበዝ ነው።

የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍቶ ማየትም አይዘንጋ። አይጥ ከምትወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ፊልትሮው በጎጆ ሲታፈን መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች።

ጉዳቱ ከሚታየው የሚበልጠው ለምንድን ነው?

ሽቦ ሁለት ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የመዳብ ክርና መዳቡን ከውኃና ከብረት የሚለይ ሽፋን። አይጥ ሽፋኑን ስትገልጥ መዳቡ ያልተቆረጠ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እርጥበት በተላጠው ቦታ ገብቶ በሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ይጓዛል፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ንክሻው አንድ ቦታ ነው፤ ዝገቱ ግን ከዚያ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሽቦ በደለል የተደፈነ የቤት ውኃ ቱቦን ይመስላል። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ሲከፈት ግን ጠብ ጠብ ይላል። አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም በቴስተር ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል። መብራት ወይም ፖምፓ ሲያያዝበት ግን ኃይል የለውም። «ለካሁት፣ ኤሌክትሪክ አለው» የሚለው ፍርድ በአይጥ በተበላ መኪና ላይ ብዙ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በኮምፒውተር የሚታዘዙት መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። ለምሳሌ የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ቅዝቃዜን የሚናገረው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ በመጨመር ነው። ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን አውቆ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። በከፊል ተበልቶ ከዛገ ግን የሽቦው ተቃውሞ በሴንሰሩ ላይ ይደመራል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ከእውነቱ የቀዘቀዘ አድርጎ ያነበዋል፣ ቤንዚን ይጨምራል። መብራት አይበራም። መኪናዋ ትጨሳለች፣ ቤንዚን ትበላለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከዚያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ኖዝል ይታጠባል፣ ሴንሰር ይገዛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሽቦው ግን እዚያው እንዳለ ነው።

የተበላው ሽቦ እንዴት ይፈለጋል?

በዓይን ይጀመራል፤ በዓይን ግን አያልቅም። አይጥ የምትመርጠው ሙቅና የተከለለ ቦታ ስለሆነ፣ በሞተሩና በዳሽቦርዱ መካከል ባለው ግድግዳ በኩል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር፣ ከባትሪው ጀርባ በመስታወትና በባትሪ መብራት መፈተሽ ያስፈልጋል። የሽቦ ጥቅሉ የተሸፈነበት ፕላስቲክ አንድ ቦታ ተነክሶ ከተገኘ ከንክሻው ግራና ቀኝ ይከፈት። ቀለል ብሎ መሳብም ይረዳል፤ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

ከዚያ መለኪያው ይመጣል። ትክክለኛው ዘዴ ዕቃው እየሠራ መለካት ነው። ለምሳሌ የፊት መብራት በርቶ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው መብራቱ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ጫፍ ላይ ይያዛል። የሚታየው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ በመካከል ያለ ሽቦ ወይም መጋጠሚያ ታሟል። በኔጋቲቭ በኩልም እንዲሁ ይደረጋል፤ እዚያ የሚጠበቀው ቁጥር ከዚህም ያነሰ ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንት የጤነኛ ዕቃ ግዢ እንደሚያስቀር ግን የአውቶ ኤሌክትሪሺያን ደንበኞች ቢያውቁት ራሳቸው ይጠይቁት ነበር።

ፊውዝ እየደጋገመ የሚያቃጥል መስመር ካለ ደግሞ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። በተቃጠለው ፊውዝ ምትክ 21 ዋት የሆነ የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ ይገባል፤ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ይጠፋሉ ወይም ከሶኬታቸው ይነቀላሉ። መስመሩ ቦዲ የሚነካ ከሆነ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። አምፖሉ ከሁለት አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሽቦው አይቃጠልም። አሁን ጥቅሉን በየቦታው ማነቃነቅ ነው፤ አምፖሉ የሚጠፋበት ወይም የሚርገበገብበት ቦታ ሕመሙ ያለበት ነው። አንድ ሣጥን ፊውዝ እያቃጠሉ ከመፈለግ ይህ በእጅጉ ይሻላል።

ወፍራም ፊውዝ መተካት፣ ወይም በፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር መጠምዘዝ፣ እንኳን በአይጥ በተበላ መኪና በጤነኛውም መደረግ የለበትም። የፊውዝ ቀለም መጠኑን ይናገራል፤ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። በቀዩ ቦታ አረንጓዴውን የሚያስገባ ሰው ከፊውዙ በፊት ሽቦው እንዲቀልጥ ፈቅዷል።

ሽቦ በትክክል የሚቀጠለው እንዴት ነው?

የተበላው ቦታ ይቆረጣል፤ ከዚያም የሚያበራ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ ይላጣል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር መዳብ ላይ የተሠራ መቀጠያ ሁለት ክረምት አያልፍም። በመካከል የሚገባው ሽቦ ውፍረቱ ከቀድሞው የማያንስ፣ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ የመኪና ሽቦ መሆን አለበት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ባለአንድ ወፍራም ክር የቤት ሽቦ ርካሽ ነው፤ የሞተር ንዝረት ግን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል።

ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በአገራችን የተለመደው ዘዴ ነው። ጥምዝምዙ በንዝረት ይላላል፤ የናስትሮው ሙጫም በሞተር ሙቀት ይቀልጥና ይንሸራተታል። መዳቡ በካውያና በሊድ መበየድ፣ ወይም ለዚሁ በተሠራ ማያያዣና በትክክለኛው ፒንሳ መጨፍለቅ አለበት። ሁለቱም ይሠራሉ። የተበየደው ቦታ ግትር ስለሚሆን በጎኑ ያለው ሽቦ እንዳይወዛወዝ ከጥቅሉ ጋር መታሰር ይኖርበታል። መሸፈኛው በሙቀት የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ቢሆን ውኃ አያስገባም። ይህ ቱቦ ሁለቱ ጫፎች ከመጋጠማቸው በፊት መግባት አለበት፤ ይህን ረስቶ አጣርቶ የበየደውን መልሶ ያልቆረጠ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

አምስት ስድስት ሽቦ በአንድ ቦታ ከተቆረጠ መቀጠያዎቹ ጎን ለጎን መሰለፍ የለባቸውም። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ቢሠራ ጥቅሉ አያብጥም፤ አንዱ ሽፋን ቢከፈት እንኳ ሌላውን አይነካም። እርስ በርስ ተጠማዝዘው ወደ ሴንሰር የሚሄዱ ጥንድ ሽቦዎች ከተቀጠሉም በኋላ እንደተጠማዘዙ መቅረት አለባቸው፤ ጥምዝምዙ የተሠራው ከካንዴላው በኩል የሚመጣውን ረብሻ ለመቀነስ ነው። የኤርባግ ሽቦ ግን አይቀጠልም። ብዙውን ጊዜ በቢጫ ሽፋኑ ወይም በቢጫ መጋጠሚያው ይታወቃል፤ ከተነካ ሙሉው ክፍል ይቀየራል፣ ሥራውም የለመደውን ሰው ይፈልጋል።

ሽቦዎቹ ከመቆረጣቸው በፊት ቀለማቸው ይጻፍ። ቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ኔጋቲቭ ነው፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ግምት ያስቀራል። ጥቅሉ ተቆራርጦ ቀለሙ እንኳ ካልተለየ ከመቀጠል ይልቅ ከተፈታ መኪና የወጣ ሙሉ ጥቅል በአዲስ አበባ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ መፈለግ ያዋጣል። ሲገዛ የመኪናው ሞዴል ስም ብቻ አይበቃም፤ የሞተሩ ዓይነትና የማርሹ ዓይነት፣ ማኑዋል ወይም አውቶማቲክ መሆኑ፣ መግጠም አለበት፤ መጋጠሚያዎቹም ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ መተያየት አለባቸው።

ኢንሹራንስ ይከፍላል?

በሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን በሌሎች ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው ውሉ ላይ የአይጥና የነፍሳት ጉዳት ተነጥሎ መውጣት አለመውጣቱን ማንበብ አለበት። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች «ኮምፕሪሄንሲቭ» በሚባለው ሽፋናቸው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአይጥ ጉዳት ተካቶ ያገኙታል፤ ከራሳቸው የሚከፍሉት ድርሻ ከጥገናው ዋጋ ማነሱን ግን ያስሉ።

ተመልሳ እንዳትመጣስ?

ሽታዋ ካልጠፋ እሷ ወይም ዘመዷ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ማጽዳቱ የጥገናው አካል ነው። በመኪናው አጠገብ የእህል ጆንያ፣ የዶሮ መኖና ክፍት ቆሻሻ ካለ የትኛውም መድኃኒት አያዋጣም። የአየር ማስገቢያዎቹ ቀዳዳቸው ከ6 ሚሊሜትር ባነሰ የሽቦ ወንፊት ሊሸፈኑ ይችላሉ። ሆንዳ በሚጥሚጣ ዓይነት የሚያቃጥል ቅመም የተነከረ የሽቦ መጠቅለያ ቴፕ ይሸጣል፤ በአዲሱ መቀጠያ ላይ መጠቅለሉ አይከፋም።

የማይሰማ ድምፅ አሰምቶ አይጥ ያባርራል ለሚባለው መሣሪያ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ደግሞ ማሰብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከስልሳ የሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በሳይንስ ማረጋገጥ እንዳለባቸው አስጠንቅቋል። ናፍታሊን በኮፈን ሥር መበተንም ትነቱን በአየር ማስገቢያው በኩል ለተሳፋሪ ማቅረብ ነው። መርዝ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የተመረዘች አይጥ በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ ገብታ ትሞትና ዳሽቦርዱን ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ውጭ ከሞተች ደግሞ የሰፈሩ ድመት ይበላታል።

ወጥመድ ይሻላል። አይጥ በገላጣ ቦታ ከመሄድ ይልቅ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሮጥ፣ ወጥመዱ ከጎማው አጠገብና ከግቢው ግድግዳ ሥር፣ የሚነክሰው ጎኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። ኮፈን ውስጥ ግን አይቀመጥም፤ ጠዋት ቸኩሎ የሚያስነሳ ሰው ረስቶት ቢነዳ የሞተሩ ቀበቶ ይጎትተዋል።